በውርጭ ወራት ከመንጠቆ ስለሚያመልጥ ትልቅ ዓሣ፤ የመምህርና የተማሪ ምልልስ

ዓሣን በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ፣ ማለትም ላባ፣ ጠጉርና ክር በመንጠቆ ላይ ተጠቅልለው ዓሣው የሚመገበውን ነፍሳት ወይም ደቃቅ ዓሣ እንዲመስሉ ተደርገው ወደ ውኃ የሚጣሉበት ስልት፣ በእንግሊዝ አገር ረጅም የጽሑፍ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙ ከሌሎቹ ሁሉ የገነነው አይዛክ ዋልተን በ1653 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአጥማጆች መጽሐፍ የተዘጋጀው በምልልስ መልክ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ትራውት የተባለው ዓሣ ክሩን በጥሶ ሲያመልጥ፣ ጥሩ ዓሣ መጥፋቱን የሚናገረው መምህሩ ሲሆን፣ ከእጅ ያልገባ ነገር በኪሳራ ሊመዘገብ አይገባውም ብሎ የሚሟገተው ግን ተማሪው ነው። ክርክሩ በዚያ ስፍራ በቀልድ መልክ ይታለፋል፤ ሆኖም በቀላሉ የሚታለፍ ክርክር አይደለም።

ከዚህ በታች የቀረበው ምልልስ ያንኑ ጥያቄ ወደ ሌላ አገርና ወደ ብርድ ወራት ይወስደዋል። ቦታው በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ተግ ሂል ከሚባለው ደጋ ተነሥቶ ኦንታሪዮ ሐይቅ ውስጥ የሚገባው ሳልመን ወንዝ ሲሆን፣ ወቅቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው፣ የአየሩ ሙቀት ለቀናት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊቆይ የሚችልበት ጊዜ ነው። ተነጋጋሪዎቹ ለክርክሩ ሲባል የተቀረጹ ናቸው፤ አንደኛው ዕድሜያቸው የገፋ የሥነ ሕይወት መምህር ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ ከእርሳቸው ዘንድ የተማረችና በቅርቡ የማጥመጃ ዘንግ መያዝ የጀመረች ወጣት ናት።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ ወንዙ በሳልመን ስም ይጠራል፤ በብርድ ወራት አጥማጆች የሚከተሉት ዓሣ ግን ስቲልሄድ ይባላል። ዓሣው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እንዴት እንደሚያመልጥ መነጋገር ስለማይቻል ነገሩ ከዚያ ቢጀመር ይሻላል።

መምህሩ፦ ስቲልሄድ ራሱን የቻለ የዓሣ ዝርያ አይደለም። በሳይንስ ስሙ ኦንኮሪንከስ ማይኪስ የተባለው ቀስተ ደመና ትራውት ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው፤ አንዳንዱ በተወለደበት ወንዝ ዕድሜውን ሲጨርስ፣ ሌላው በልጅነቱ ወደ ባሕር ወይም ወደ ትልቅ ሐይቅ ወርዶ በዚያ ይገዝፍና ለመራባት ወደ ወንዝ ይመለሳል። ስቲልሄድ የሚባለው ይህ ተመላሹ ነው። የዓሣው የትውልድ አገር ከሩስያ ካምቻትካ ጀምሮ እስከ ሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ያለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ሲሆን፣ ወደ ታላላቆቹ የአሜሪካ ሐይቆች አካባቢ ያስገባው ሰው ነው፤ ይህም በ1876 እ.ኤ.አ. በሚሺገን ተጀመረ። በሳልመን ወንዝ ከሚገኙት ብዙዎቹ አልትማር በምትባለው መንደር ካለው የክፍለ ግዛቱ ዓሣ ማራቢያ የወጡ ናቸው፤ ጨዋማ ውኃ አይተው አያውቁም፣ ባሕራቸውም ኦንታሪዮ ሐይቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ትልቅ የሚባለውም ከዚያ በላይ የሆነው ነው። በመኸር ወደ ወንዙ ይገባሉ፣ የብርዱን ወራት ፍሰቱ በሚረግብባቸው ጥልቅ ስፍራዎች ያሳልፋሉ፣ በጸደይ ይራባሉ።

ተማሪዋ፦ እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ችግር እዚህ ላይ ይነሣል። የዓሣ ሰውነት ሙቀት የሚኖርበትን ውኃ ስለሚከተል፣ ውኃው በቀዘቀዘ ቁጥር የሰውነቱ አሠራር ይዘገያል፣ ጡንቻውም ይለግማል። በአንጻሩ አጥማጁ ደመ ሞቃት ነው፤ በላይ በላዩ ይደርባል፣ ትኩስ ቡና በፔርሙዝ ይይዛል። ብርዱ ለአጥማጁ ሊያደላ ሲገባ፣ በብርድ ወራት ትልቅ ዓሣ መያዝ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው የሚባለው ስለ ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ይህ ጥያቄ ዘንዶውን አውጥቶታል። መልሱ ዓሣውና አጥማጁ በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ ቢገናኙም በሁለት የተለያዩ የአየር ጠባዮች ውስጥ የሚገኙ መሆናቸው ነው። ወራጅ ውኃ ፈሳሽ ሆኖ እስካለ ድረስ፣ ከኢምንት ልዩነት በቀር፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ በጥር ወር ወንዙ 1 ወይም 2 ዲግሪ ሲሆን አየሩ በዚያው ሰዓት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ዓሣው ዘገምተኛ ይሆናል እንጂ አደጋ አይደርስበትም፤ ከዚህም በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ውኃ ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን ከ14 ሚሊ ግራም በላይ ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ ዓሣው ከፍጥነቱ ቢቀነስበትም ትንፋሽ አያጥረውም። የአጥማጁ ዘንግ፣ የክር መጠቅለያውና እጁ ግን የሚገኙት በአየሩ ውስጥ ነው፤ ክሩም ደጋግሞ ከውኃው እየወጣ ወደዚያ አየር ይገባል። ርጥብ ነገር ይህን ድንበር በተሻገረ ቁጥር በረዶ ይሠራል፤ በረዶውም የሚሠራው ሰውየውንና ዓሣውን በሚያገናኘው በዚያው ብቸኛ መስመር ላይ ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ድንበር ላይ ነው።

ተማሪዋ፦ እንዲህ ያለ ብርድ ካለ ወንዙ ራሱ ለምን አይረጋም?

መምህሩ፦ ወንዙ በላይኛው ክፍሉ በኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድቦች የተያዘ ስለሆነ፣ ከማጠራቀሚያው እየተለቀቀ የሚወርደው ውኃ ሌሎች ትንንሽ ወንዞች በበረዶ በሚዘጉበት ጊዜ እንኳ በብዙ ስፍራ ክፍት ሆኖ ይፈሳል። ሐይቁም ቢሆን ጥልቀቱ እስከ 244 ሜትር ስለሚደርስ ሙሉ በሙሉ የሚረጋበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ በዚህ ክፍት ሐይቅ ላይ ሲያልፍ ሙቀትና እርጥበት ይሸከማል፣ ተግ ሂል ላይ ሲወጣም የተሸከመውን በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። በደጋው ከፍተኛ ክፍሎች በአንድ የብርድ ወቅት የሚወርደው በረዶ ተደምሮ 5 ሜትር ማለፉ እንግዳ ነገር አይደለም። አጥማጁን ወደ ወንዙ የሚጠራው ክፍት ውኃ፣ ዕቃውን ከሚያረጋው አየር ጋር በአንድ ስፍራ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪዋ፦ የባሌ ተራሮችም በዚህ ረገድ ሊነሡ ይችላሉ፤ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ያሉት ቀስተ ደመናና ቡናማ ትራውቶች እንዲሁ በሰው እጅ ከኬንያ የመጡ ናቸው፤ ሌሊቱም ውርጭ አያጣውም።

መምህሩ፦ ንጽጽሩ እስከ ተወሰነ ድረስ ይሄዳል። በባሌ ያለው ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያለፈ ስፍራ ስለሆነ በበጋው ወራት ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል፤ ይሁን እንጂ አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ ፀሐይ ከፍ ስትል ያ ሁሉ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ዕቃን የሚያረጋ ብርድ እዚያ የማለዳ ጉዳይ እንጂ የሙሉ ቀን ጉዳይ አይደለም። ዓሣውም ወደ ሐይቅ ወርዶ የሚገዝፍበት መንገድ የለውም። ከዝምድናና ከመጤነት በቀር ብዙ የሚያመሳስላቸው ነገር የለም።

ተማሪዋ፦ እንግዲህ ወደ ድንበሩ መመለስ ይገባል። በረዶው በዝርዝር የት የት ይሠራል?

መምህሩ፦ በመጀመሪያ በዘንጉ ቀለበቶች ላይ። በዚህ ስልት ዝንቧ እጅግ ቀላል ስለሆነች የሚወረወረው ክብደት ወፍራሙ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነው ክር ራሱ ሲሆን፣ ይህ ክር በዘንጉ ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል፤ በጫፉም ላይ ዓሣው እንዳያየው ተብሎ የሚቀጠል ቀጭንና ግልጽ ክር አለ፤ እርሱም ጫፍ ክር ቢባል ይበቃል። አጥማጁ ዝንቧን ወርውሮ ክሩን በእጁ ሲስብ፣ ክሩ ይዞት የሚወጣው ቀጭን የውኃ ሽፋን በየቀለበቱ ይራገፋል፣ ይረጋል፣ በሚቀጥለው ስበትም ይደረብበታል። ከሁሉ ጠባቡ በዘንጉ አናት ያለው ቀለበት ስለሆነ መጀመሪያ የሚዘጋው እርሱ ነው። ዝንብ በሚወረወርበት ጊዜ ይህ መሰናክል ብዙም አይታወቅም፤ ርቀቱ ትንሽ ያጥራል፣ አጥማጁም ክንዱ የደከመ ይመስለዋል። ችግሩ የሚገለጠው ትልቁ ዓሣ ይዞ ሲሮጥ ነው፤ ያን ጊዜ ክሩ በነፃነት መውጣት ሲገባው በበረዶው ይነከሳል፣ 4 ኪሎ ግራም ያህል ለመሸከም የተሠራው ጫፍ ክርም በአንድ ቅጽበት ይበጠሳል።

ተማሪዋ፦ ቀለበቱን በጣት መፈልፈል ይቻል የለም?

መምህሩ፦ ይቻላል፤ ግን ጣትም ይረጥባል፣ የአናቱም ቀለበት ሊሰበር ይችላል። የተሻለው ዘዴ ለሰሚ እንግዳ ይመስላል፤ ዘንጉን ወደ ወንዙ ነክሮ ጥቂት ማቆየት ነው። ወንዙ ከአየሩ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ በረዶውን ያሟሟዋል። እዚህ ላይ የመጠቅለያው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እርሱ ከተነከረ የባሰ ጥፋት ይመጣል። ቀለበቶቹን ቅባት የሚቀቡም አሉ፤ ነገሩን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ክሩን በቀለበቶቹ ውስጥ ደጋግሞ አለመሳብ ነው፤ በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅም ዘንግ በብርድ ወራት የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በስኮትላንድ ስፔይ ወንዝ ስም በሚጠራው አወራወር አጥማጁ አንድ የተወሰነ የክር ርዝመት አውጥቶ፣ ብዙ ሳይስብ ከውኃው ላይ እያነሣ መልሶ ይወረውራል፤ ስለዚህ ወደ ቀለበቶቹ የሚገባው ውኃ ይቀንሳል።

ተማሪዋ፦ መጠቅለያው ለምን የባሰ ይሆናል?

መምህሩ፦ የዓሣውን ሩጫ የሚገታው በመጠቅለያው ውስጥ ያለው ፍሬን ስለሆነ ነው። ፍሬኑ የሚሠራው ሁለት ገጾች እርስ በርስ እየተፋተጉ ነው፤ የቆመን ነገር ማስነሣት የተነሣውን ከማስኬድ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፣ በገጾቹ መካከል የገባ ጠብታ ከረጋ ደግሞ ያ የመጀመሪያ ጉልበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ክሩ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በመጀመሪያው መነሣት ላይ ነው። ሁለተኛ ነገር አለ፤ ይህ ከብርድ ጋር የሚገናኝ ባይሆንም በትልቅ ዓሣ ላይ ብቻ ስለሚታይ ብዙዎች አያስተውሉትም። ክሩ ከመጠቅለያው ሲወጣ የቀረው ጥቅል ዙሪያው ይጠባል፤ የፍሬኑ ግትርነት ሳይለወጥ ክሩን ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ግን ጥቅሉ በጠበበ መጠን ይጨምራል። የጥቅሉ ስፋት ከ10 ሴንቲ ሜትር ወደ 5 ከወረደ ጉልበቱ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ዓሣው በራቀ ቁጥር አጥማጁ ፍሬኑን ማላላት ሲገባው፣ ፍርሃት ይዞት ያጠብቀዋል።

ተማሪዋ፦ እስካሁን የተነገረው ሁሉ በዕቃው ላይ ነው። እጁስ?

መምህሩ፦ የሰው አካል ሲበርደው የልብንና የሳንባን ሙቀት ለመጠበቅ ወደ ጣቶች የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ጣትም መጀመሪያ ስሜቱን፣ ቀጥሎ ቅልጥፍናውን ያጣል። የናይለን ቋጠሮ ደግሞ ስሜት ያለው ጣት ይፈልጋል፤ ሳይረጥብ በችኮላ ከተሳበ ክሩ በክሩ ላይ ሲፋተግ የሚፈጠረው ሙቀት ናይለኑን ያደክመዋል፣ ድክመቱም በዓይን አይታይም። ከዚህም የሚብስ አለ። ጫፍ ክሩ በድንጋይ ላይ ተጎትቶ የተላጨ እንደሆነ ወይም የመንጠቆው ጫፍ ደንዝዞ እንደሆነ አጥማጁ በየጊዜው መመርመር አለበት፤ መመርመር ማለት ግን ጓንት ማውለቅ ነው፣ እንደገና መቋጠር ማለትም ለብዙ ደቂቃ በባዶ እጅ መቆየት ነው። አጥማጁ ክሩ ሻካራ መሆኑን እያወቀ፣ ጥቂት ከወረወርኩ በኋላ እቀይረዋለሁ ብሎ ያሳድረዋል። ትልቁ ዓሣ ከዚያ በኋላ መጥቶ ክሩን ሲበጥስ፣ ክሩ የተበጠሰው በዚያ ደቂቃ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ጓንቱ ሳይወልቅ በቀረበት ሰዓት ነው።

ተማሪዋ፦ ይህ ከባድ ፍርድ ነው። አጥማጁ የሚያጉረመርመው በዕድሉ ላይ ነውና።

መምህሩ፦ በዕድል የሚላከክ ብዙ ነገር አለ። ለምሳሌ የአነካከሱን ነገር ማየት ይበቃል። በብርድ ወራት የተለመደው ስልት ዝንቧን ወንዙን አሻግሮ ወርውሮ ፍሰቱ ቀስ እያለ ወደ ዳር እንዲያመጣት መተው ነው። ዓሣው ከኋላ ይከተላታል፣ ብዙ ጊዜም የሚነክሳት ክሩ ከአጥማጁ ቀጥታ ወደ ታች በተዘረጋበት መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ቅጽበት ዘንጉ ወደ ላይ ከተመነተፈ፣ መንጠቆው ከዓሣው አፍ ፊት ለፊት ተጎትቶ ይወጣል ወይም በከንፈሩ ጠርዝ በቀጭን ሥጋ ብቻ ይይዛል። ዓሣው ዝንቧን ይዞ እስኪዞር ድረስ ከታገሡት ግን መንጠቆው ተንሸራቶ የአፉ ማዕዘን ላይ፣ ጠንካራው መገናኛ ዘንድ ይገባል። በብርድ ወራት ዓሣው ሲነክስ እንደ በጋው አይመታም፤ ክሩ በቅጠል የተያዘ ያህል ብቻ ይከብዳል፣ ስለዚህ ትዕግሥቱ ይበልጥ ይረዝማል።

ተማሪዋ፦ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የተባለው እዚህ ላይ ደርሷል። ነገር ግን መምህር፣ መንጠቆው በደህና ስፍራ ገብቶ፣ ክሩ አዲስ ሆኖ፣ ቀለበቱ ንጹሕ ሆኖ እያለም ዓሣ ያመልጣል። ይህን ሁሉ ወደ ስንፍና መመለስ ፍትሕ አይሆንም።

መምህሩ፦ ትክክል ነው፤ ልጄ፣ ይህን ያነሣሽው በጊዜው ነው። ዓሣው ሲዘል የሚሆነውን መመልከት ይገባል። በውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ውኃው ስለሚሸከመው ክብደቱ ከሞላ ጎደል በክሩ ላይ አይወድቅም፤ አየር ላይ ሲወጣ ግን ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይወድቃል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች ዓሣው ሲዘል የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ አድርገው ክሩን የሚያላሉት ለዚህ ነው፤ ከዘገዩም ይበጠሳል። ቀጥሎ የዳርቻው በረዶ አለ፤ በወንዙ ጠርዝ እንደ መደርደሪያ የሚዘረጋው የረጋ ውኃ አጥማጁ ዓሣውን ተከትሎ ወደ ታች እንዳይሮጥ ያግደዋል፣ ክሩም በስለታማ ጠርዙ ላይ ከተፋተገ ይቆረጣል። በዚያ በረዶ ላይ ሮጦ መውደቅ ወደ ሞት የሚያደርስ ስለሆነ፣ ዓሣውን መተው ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በመጨረሻም ከመረቡ አጠገብ የሚሆነው ነው፤ ረጅም ክር ጥቂት ስለሚለጠጥ የዓሣውን ምት ያለዝበዋል፣ ዓሣው ሲቀርብ ግን ያ መለጠጥ ይጠፋል፣ መንጠቆው የገባበት ቀዳዳም በትግሉ ብዛት ሰፍቷል። ስለዚህ ከአጥማጁ እግር ሥር የሚያመልጡ ዓሦች መኖራቸው ሊያስገርም አይገባም። በብዙ ወንዞች ደግሞ በመንጠቆው ጫፍ ወደ ኋላ የዞረውን ሾህ መጨፍለቅ ይመከራል ወይም ይታዘዛል፤ ዓሣውን ሳይጎዱ ለመልቀቅ ይረዳል፣ ክሩ ለአፍታ ከላላ ግን መንጠቆው ይወድቃል።

ተማሪዋ፦ አሁን ወደ ዋልተን ተማሪ መመለስ ይቻላል። በአልትማር ዙሪያ በዝንብ ብቻ እንዲጠመድባቸው በሕግ በተለዩት ሁለት የወንዙ ክፍሎች ውስጥ የተያዘ ዓሣ ሁሉ ወደ ውኃው መመለስ አለበት። የተያዘውም ይለቀቃል፣ ያመለጠውም ይሄዳል፤ ሁለቱም በዚያው ውኃ ውስጥ ይቀራሉ። ታዲያ አጥማጁ የጠፋበት ምንድን ነው?

መምህሩ፦ ሥጋ እንዳልጠፋበት ግልጽ ነው። እንዲያውም ከዜሮ በታች በሆነ ቀን ያመለጠው ዓሣ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን ከውኃ ወጥቶ ፎቶግራፍ ከተነሣው ይልቅ ሊጠቀም ይችላል፤ መተንፈሻው የሆነው ስስ ስንጥብና ዓይኑ በዚያ አየር ውስጥ በቶሎ ስለሚረጉ፣ የሚለቀቅ ዓሣ ከውኃ ባይወጣ ይመረጣል። የአጥማጁ ሕመም ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነው። ቪክቶሪያ ሜድቬክ፣ ስኮት ማዴይና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ ነሐስ ያገኙት አትሌቶች ብር ካገኙት ይልቅ ደስተኞች ሆነው መታየታቸውን አሳይተዋል፤ የብሩ ባለቤት ራሱን የሚያወዳድረው ካመለጠው ወርቅ ጋር፣ የነሐሱ ባለቤት ግን ጭራሽ ካለመሸለም ጋር ነው የሚል ማብራሪያም ሰጥተዋል። ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይነካው የዋለ አጥማጅ በሰላም ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ዓሣ ነክሶት ያመለጠው ግን እንቅልፍ የሚያጣው በተመሳሳይ ምክንያት ይመስላል።

ተማሪዋ፦ ይህ ሕመሙን ያስረዳል እንጂ የዓሣውን ማደግ አያስረዳም። ያመለጠ ዓሣ በተተረከ ቁጥር ኪሎ ይጨምራልና።

መምህሩ፦ ይህ ሁልጊዜ ከውሸት የሚመጣ አይደለም፤ ከመለኪያው የሚመጣም አለ። አጥማጁ ያላየውን ዓሣ የሚመዝነው በዘንጉ ጉብጠትና በክሩ ውጥረት ነው፤ ክሩ ግን የዓሣውን ጉልበት ከወንዙ ጉልበት ለይቶ አይናገርም። ዓሣው ጎኑን ለፍሰቱ ሰጥቶ ከአጥማጁ በታች ከቆመ ወንዙ በሰፊው ጎኑ ላይ ይገፋል፤ ረጅሙ ክርም በውኃው ውስጥ ደጋን ሠርቶ ራሱን የቻለ ሸክም ይሆናል። በዚህ ሁኔታ መጠነኛ ዓሣ የግዙፍ ዓሣ ያህል ይጎትታል። ከዚህም የሚያሳፍር ነገር አለ፤ መንጠቆው ከአፉ ይልቅ በክንፉ፣ በጎኑ ወይም በጅራቱ አጠገብ የገባበት ዓሣ ጭንቅላቱን መመለስ ስለማይቻል፣ አፉም ስላልተያዘ፣ ያለ ማቋረጥ ወደ ታች ይሮጣል፣ ብዙ ጊዜም መንጠቆው ቅርፊት ብቻ ይዞ ይመለሳል። ከአፉ ውጪ የተያዘ ዓሣ በኒው ዮርክ ደንብ መለቀቅ ያለበት ነው። ሳይታዩ ክር በጥሰው ከሄዱት ግዙፋን መካከል ከእነዚህ ወገን የሆኑ መኖራቸው አይቀርም።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ብዙ የተወራላቸው ዓሦች በጅራታቸው የተያዙ መካከለኛ ዓሦች ሊሆኑ ነው። ይህን በወንዙ ዳር መናገር ጠብ ያስነሣል።

መምህሩ፦ አንዳንዶቹ እንዲያ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በእውነት ግዙፍ ነበሩ፤ ለመለየትም መንገድ የለም። የዋልተን ተማሪ ስለ ባለቤትነት የተናገረው ተቀባይነት ቢኖረውም የጎደለው ነገር አለ፤ የሚጠፋው ንብረት ሳይሆን እውቀት ነውና። ዓሣው በመረብ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ቢቆይ ርዝመቱ፣ ፆታው፣ ከማራቢያ የመጣ ወይም በወንዙ የተወለደ መሆኑ ሊመረመር ይችል ነበር። ስለዚህ መምህሩ መጥፋቱን በመናገሩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ጥሩ ዓሣ በማለቱ ነው፤ ያን ለማወቅ አልቻለምና።

ተማሪዋ፦ ከሆነ፣ የማጥመድ መዝገብ የሚይዝ ሰው ያመለጠውን ዓሣ እንዴት ይጻፈው?

መምህሩ፦ በኪሎ ግራም አይጻፈው። የአየሩንና የውኃውን ሙቀት፣ የአናቱ ቀለበት ንጹሕ ወይም የተዘጋ መሆኑን፣ ጫፍ ክሩ መቼ እንደተቀየረ፣ የተበጠሰው በቋጠሮው ላይ ወይም በመካከሉ መሆኑን ይጻፍ። በቋጠሮው ላይ የተበጠሰ ክር ጫፉ የተጠማዘዘ ምልክት ይዞ ይመለሳል፤ በድንጋይ ወይም በበረዶ ጠርዝ የተላጨው ሻካራ ይሆናል፤ ምንም ሳይበጠስ ዝንቧ ብቻዋን ከተመለሰች የመንጠቆውን ጫፍ በጥፍር ላይ መሞከር ነው፤ የማይቧጥጥ ከሆነ ደንዝዟል።

ተማሪዋ፦ ክሩ ደህና፣ ቋጠሮው ደህና፣ መንጠቆው ስለታም ሆኖ ከተገኘስ?

መምህሩ፦ የምክንያቱ ዓምድ ባዶ ይተዋል።